ማንን ጠየቁ? አካል ጉዳተኛ የኮሌጅ ተማሪዎችና የመሣሪያ ምርጫ ታሪክ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከምሕንድስና ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ባቡር ሐዲድ እጽፍላቸዋለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ የመረጥኩት ግን ማየት፣ መስማት ወይም መንቀሳቀስ ለተሳናቸው ተማሪዎች በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው የሚረዱ መሣሪያዎች እንዴት እንደተፈጠሩ፣ ይልቁንም ከተፈጠሩ በኋላ ለማን፣ በምን ሚዛንና በማን ውሳኔ እንደተመረጡ የሚያወሳ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ በቅድሚያ እንዲረዳልኝ አሳስባለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ ብጀምር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለዐይነ ስውራን ተማሪዎች የብሬል ማተሚያ ማሽን ለመግዛት በተቋቋመ ኮሚቴ ውስጥ የቴክኒክ ዝርዝር አዘጋጅ ሆኜ ተመደብኩ። ሥራውንም እንደ ማንኛውም የግዥ ሥራ ያዝኩት። ማሽኑ በሰከንድ ስንት ሆሄ እንደሚያትም፣ በ220 ቮልት ስለ መሥራቱ፣ ስለ ዋስትና ዘመኑና ስለ መለዋወጫው ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ጨረታው ወጣ፤ ማሽኑ ተገዛ፤ በርክክቡ ቀንም ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ብሄድ ማሽኑን በዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከነላስቲኩ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጎን አገኘሁት። የሚሠራው ጠርዙ በተበሳ ተከታታይ ወፍራም ወረቀት ነበርና እንዲህ ያለው ወረቀት ከገበያ አልተገኘም፤ አብሮት የመጣው ፕሮግራምም የአማርኛውን ፊደል ወደ ብሬል የሚመልስበት ሠንጠረዥ አልነበረውም። በዚያ የነበረ አንድ የሕግ ተማሪ በጉዳዩ የነበረኝን ድርሻ ሲሰማ፣ በትሕትና፣ «ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማሽኑን ሲመርጡ ማንን ጠየቁ?» አለኝ። አቅራቢዎቹን ጠይቄ ነበር፤ የፋይናንስ ክፍሉንና የግምጃ ቤቱንም ኃላፊ ጠይቄ ነበር። እርሱን ወይም እንደ እርሱ ያሉትን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በትርፍ ሰዓቴ የዚህን የሙያ ዘርፍ ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ያገኘሁትም እኔ የፈጸምኩት ስሕተት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መሆኑን ነው።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በፓሪስ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመሠረተው ቫለንቲን አዩዊ ተማሪዎቹን ያስነብብ የነበረው የላቲን ፊደላትን በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልተው እንዲወጡ በማተም ነበር። ይህ አሠራር ለሚያይ መምህር ምቹ ነው፤ መጽሐፉን አስተማሪውም፣ ለጋሹም፣ ጎብኚውም በዐይኑ ሊያነበው ይችላልና። ለጣት ግን የ«ኦ»ን ክብ ከሌላው ክብ ለይቶ መሄድ አድካሚ ነው፤ በዚያ ላይ ተማሪው በዚህ ዘዴ ማንበብ ቢችል እንኳ መጻፍ አይችልም። በ1809 የተወለደው ሉዊ ብሬል በአሥር ዓመቱ ወደዚሁ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን ያቀረበውን ባለ 12 ነጥብ ጽሕፈት ተመልክቶም ወደ 6 ነጥብ አሳጠረው። ስድስት ነጥብ በአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባል፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አያሻውም። ንድፉን በአሥራ አምስት ዓመቱ አጠናቆ በ1829 አሳተመው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ ልብ እንዲለው እሻለሁ። በ1840 የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የሆነው ዱፎ በሌላ የላቲን ፊደል ቅርጽ ያሳተማቸውን መጻሕፍት ለማስገባት ሲል የነጥቡን ጽሕፈት ከለከለ፤ የነበሩትም መጻሕፍት ተቃጠሉ። ተማሪዎቹ ግን በድብቅ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉበት ነበር። ረዳት ዲሬክተሩ ጋዴ የተማሪዎቹን አዝማሚያ ተመልክቶ አለቃውን ስላሳመነው፣ በ1844 አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅ የነጥቡ ጽሕፈት በሕዝብ ፊት ታየ። በፈረንሳይ በይፋ የጸናው በ1854 ሲሆን፣ ሉዊ ብሬል ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እንግዲህ በዚህ ምርጫ የመጀመሪያው ሚዛን የመርማሪው ዐይን ነበር፤ የተጠቃሚው ጣት ሚዛን ለመሆን ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል።

በአሜሪካ ነገሩ ከዚህ የባሰ ሆነ። የቦስተን የመስመር ፊደል፣ የኒው ዮርክ ነጥብ፣ የአሜሪካ ብሬል፣ የእንግሊዝ ብሬል እየተባለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የየራሱን ዘዴ ይዞ ሲከራከር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነበር። ለዚህ ከማውቀው ማስረጃ ሁሉ የሚልቀው ሔለን ኬለር ለራድክሊፍ ኮሌጅ የመግቢያ ፈተና በተቀመጠች ጊዜ ያጋጠማት ነው። ፈተናው የተሰጠው ሰኔ 29 እና 30 ቀን 1899 ሲሆን ጥያቄዎቹ የተገለበጡላት በአሜሪካ ብሬል ነበር። ቋንቋውን በዚያ ማንበብ አላስቸገራትም። የአልጀብራው ምልክት ግን በእንግሊዙና በአሜሪካው ብሬል የተለያየ ነው፤ እርሷ በአልጀብራ የለመደችው የእንግሊዙን ብቻ ነበር። ልዩነቱን ያወቀችው ከፈተናው ሁለት ቀን አስቀድሞ ስለ ሆነ ቅንፉንና የሥር ምልክቱን በችኮላ ለማጥናት ተገደደች። ፈተናውን አለፈች፤ በ1904ም ተመረቀች። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል ውስጥ የተፈተነው አልጀብራዋ ነው ወይስ የፈታኞቹ ዝግጅት? የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በአንድ ወጥ ብሬል የተስማሙት በ1932 ነው።

የሒሳብ ነገር ከተነሣ የአብርሃም ኔሜትን ታሪክ ማለፍ አይገባም። በ1918 የተወለደው ይህ ዐይነ ስውር አሜሪካዊ ሒሳብ ማጥናት ሲፈልግ አማካሪዎቹ ለዐይነ ስውር አይሆንም ብለው ወደ ሳይኮሎጂ መለሱት፤ በዚያም የማስትሬት ዲግሪ ያዘ። በኋላ ወደ ሒሳብ ተመልሶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ለራሱ ሥራ ሲል የፈጠረውም የሒሳብ ብሬል በ1952 ታትሞ በብዙ አገር ሥራ ላይ ዋለ። አማካሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። የነበረው መሣሪያ ሒሳብን መሸከም እንደማይችል አዩ፤ ከዚያም ጉድለቱን ከመሣሪያው ላይ አንሥተው በተማሪው ላይ ጻፉት። ይህን ዓይነት ምዘና ዛሬም በየምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ የምናገኘው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ይበልጥ ወደሚቀርበው ልለፍ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በጌልስበርግ ከተማ በቀድሞ የጦር ሆስፒታል ውስጥ በከፈተው ቅርንጫፍ፣ ቲሞቲ ኑጀንት የተባለ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ተማሪዎች መርሐ ግብር ጀመረ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ነበሩ። በዓመቱ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ሲል ተማሪዎቹ በየወንበራቸው ሆነው ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ስፕሪንግፊልድ ሄደው አቤቱታ አቀረቡ፤ መርሐ ግብሩም ወደ ዋናው ግቢ ወደ ኧርባና ተዛወረ። በዚያ የገጠማቸው መሣሪያ የማጣት ችግር አልነበረም፤ ወንበር አላቸው። በ1933 ማዕድን መሐንዲሱ ኸርበርት ኤቨረስት፣ እርሱ ራሱ በአደጋ እግሮቹ የከዱት ሰው፣ ከመካኒካል መሐንዲሱ ሃሪ ጄኒንግስ ጋር የሠራው ተጣጣፊ ወንበር በገበያ ነበር። ችግሩ ደረጃው ነበር።

በኢሊኖይ የተደረገውን የምወደው መሐንዲስ እንደሚያደርገው ስለ ለኩ ነው። ምን ያህል ተዳፋት በራስ ክንድ ይወጣል? በር ምን ያህል ይስፋ? ወንበሩ ለመዞር ምን ያህል ቦታ ይሻል? ይህ ጥናት ኑጀንት ለመራው የ1961 የአሜሪካ ደረጃ፣ ኤ 117.1 ለተባለው፣ መሠረት ሆነ። እኛ ሁላችን በቃል የምናውቀው የ1 ለ12 ተዳፋት ከዚያ ዘመን የወረስነው ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለዚህ ከፍታ 7.20 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። በአገራችን በየሕንጻው በር በ2 ሜትር ርዝመት የተለሰነውን መወጣጫ ያየ ሁሉ፣ ንድፉን የሠራው ሰው በወንበር የሚሄድ ሰው አጠገቡ እንዳልነበረ ይረዳል። የ2009ኙ የሕንጻ አዋጃችን ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ማዘዙን ልብ ይሏል።

በበርክሌይ ደግሞ ሌላ ነገር እንማራለን። ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ከአንገት በታች ሽባ ሆኖ፣ ለመተንፈስ በ«ብረት ሳንባ» ውስጥ የሚያድር ወጣት ነበር። በ1962 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ያ ከባድ መሣሪያ በተማሪዎች ማደሪያ ሊቀመጥ ስላልቻለ በግቢው ሆስፒታል አንድ ክፍል ተሰጠው። ከእርሱ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ፤ በ1970 እነዚሁ ተማሪዎች የራሳቸውን የአገልግሎት መርሐ ግብር ሲያቋቁሙ ከመጀመሪያዎቹ ተግባራት አንዱ የተሽከርካሪ ወንበር መጠገኛ ነበር። ምክንያቱም ለማንኛችንም ግልጽ ነው፤ ወንበሩ ማክሰኞ ተሰብሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚጠገን ከሆነ ተማሪው ሴሚስተሩን ያጣል። እኔ በስድስቱ ገጽ ስለ ዋስትና ዘመን ስጽፍ፣ በዋስትናው ዘመን ማሽኑን ማን መጥቶ እንደሚጠግነው አልጻፍኩም ነበር።

መስማት ለተሳናቸው የተደረገውን በአጭሩ ልጥቀስ። በ1964 ሮበርት ዋይትብሬክት የተባለ መስማት የተሳነው የፊዚክስ ሊቅ፣ መስማት ከተሳናቸው ሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ጄምስ ማርስተርስ ሲሆን ሌላው መሐንዲስ አንድሩ ሳክስ ነው፣ የተጣሉ የቴሌታይፕ ማሽኖችን በስልክ መስመር የሚያገናኝ ዘዴ ሠራ። ተጠቃሚዎቹም፣ መሐንዲሶቹም፣ መራጮቹም እነርሱው ስለ ነበሩ ስለ ምርጫው የሚተረክ ጭቅጭቅ የለም።

የሁለቱ የንባብ ማሽኖች ታሪክ ግን ረዘም ያለ ሐተታ ይገባዋል፤ የምርጫ ጥያቄ ከነውስብስብነቱ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነውና።

ጆን ሊንቪል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበር። ልጁ ካንዲ ገና በሕፃንነቷ የማየት ችሎታዋን አጥታለች፤ እናቷ መጻሕፍቷን በብሬል እየገለበጠች ታስጠናት ነበር። በ1962 ሊንቪል በጀርመን አገር በመርፌ መሰል መዶሻዎች የሚያትም ፈጣን ማሽን ተመለከተና፣ እነዚህ መዶሻዎች ወረቀቱን ትተው ጣትን ቢነኩ ጣት ፊደሉን ያውቀው ይሆን? ብሎ አሰበ። ከጄምስ ብሊስ ጋር በመሆንም በ1971 ለገበያ የቀረበውን «ኦፕታኮን» ሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪዋ በቀኝ እጇ ትንሽ ካሜራ በመጽሐፉ መስመር ላይ ታንሸራትታለች። በካሜራው ውስጥ 24 በ6 የተደረደሩ 144 ብርሃን የሚለዩ ሴሎች አሉ። የግራ እጇ ጠቋሚ ጣት 144 ጥቃቅን መርፌዎች ባሉበት ጎድጓዳ ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱ ሴል ጥቁር ሲያይ ተጓዳኝ መርፌው ይርገበገባል። መርፌዎቹን የሚያንቀሳቅሰው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚታጠፍ የፒየዞ ሸምበቆ ነው። «ሀ» ብለን ብንጽፍ የ«ሀ» ቅርጽ በጣት ሥር ያልፋል።

ይህ ማሽን ፊደል አያውቅም፤ ቅርጽ ብቻ ያስተላልፋል። ፊደሉን የሚያውቀው ሰውዬው ነው። ከዚህም የተነሣ የላቲኑን ፊደል፣ የሒሳብ ምልክትን፣ የሙዚቃ ኖታን፣ የሥዕል መስመርን ሳይለይ ያስተላልፍ ነበር፤ በጃፓንም ተሸጧል። በመርሕ ደረጃ የእኛን ፊደል ለማንበብ አንዲት ብሎን መለወጥ አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ሥልጠና 50 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያም በኋላ ልምድ ያለው ሰው በደቂቃ ከ30 እስከ 50 ቃል ቢያነብ ጥሩ ነው። ካንዲ ከ80 ቃል በላይ ደርሳለች፤ ግን ካንዲ በልጅነቷ የጀመረች፣ ማሽኑ ለእርሷ የተሠራላት ልጅ ናት። በስታንፎርድ ተምራ በኋላ በክሊኒካዊ ሳይኮሎጂ ዶክትሬት አግኝታለች።

ቁጥሩን በተማሪ ሕይወት ላይ እናሳርፈው። አንድ የሕግ ተማሪ በሳምንት 100 ገጽ ማንበብ አለበት እንበል፤ ገጹም 300 ቃል ይይዛል። ይህ 30,000 ቃል ነው። በደቂቃ 250 ቃል የሚያነብ የሚያይ ተማሪ በ2 ሰዓት ይጨርሰዋል። በኦፕታኮን በደቂቃ 40 ቃል የሚያነብ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ያውም ለአንድ ትምህርት። ለሒሳብ ተማሪ ግን ገጹ ሦስት ቀመር ብቻ ሊይዝ ይችላልና፣ ያችን ገጽ ያለማንም እርዳታ በጣቱ መዳሰሱ ከወርቅ ይበልጥበታል። ስለዚህ «ኦፕታኮን ጥሩ ማሽን ነውን?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

በጥር 1976 ሬይ ከርዝዋይል የንባብ ማሽኑን ለሕዝብ አሳየ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚያህል፣ ዋጋው 50,000 ዶላር የሆነ መሣሪያ ነበር። ገጹን በመስታወቱ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ሲጫኑት ማሽኑ ራሱ ፊደሉን ለይቶ፣ ቃሉን አቀናብሮ፣ በድምፅ ያነበዋል። ሙዚቀኛው ስቲቪ ወንደር ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። በዝግጅቱም የአሜሪካ ብሔራዊ የዐይነ ስውራን ፌዴሬሽን አባላት ማሽኑን እየሞከሩ አስተያየት ሰጥተውበታል፤ የቁልፎቹ አቀማመጥና አሠራር የእነርሱ እጅ አለበት። ተማሪው ሥልጠና አያሻውም ማለት ይቻላል፤ የሚያሻው ጆሮ ነው። ነገር ግን ይህ ማሽን ከኦፕታኮን በተቃራኒ ፊደል ያውቃል፤ የማያውቀውን ፊደል ማንበብም አይችልም። ለቀመር፣ ለሠንጠረዥ፣ ለእጅ ጽሕፈት አይሆንም። በላቲን ያልተጻፈ ገጽ ቢሰጡት ዝም ይላል፤ ወይም ከዝምታ የከፋውን፣ የማይገባ ቃል ይለቃል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በ50,000 ዶላር አንዱን ማሽን ለቤተ መጻሕፍቱ ይግዛ ወይስ በዚያው ገንዘብ ለተማሪዎቹ ኦፕታኮኖች፣ ቴፕ መቅረጫዎችና አንባቢ ሰዎች ያቅርብ? ይህን ማስላት የሚችለው ተማሪዎቹ ምን እንደሚያጠኑ፣ የት እንደሚያጠኑ፣ በስንት ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የድምፁ መንገድ አሸነፈ፤ ኮምፒዩተሩ ሲረክስ ያ የልብስ ማጠቢያ የሚያህለው ማሽን ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ኦፕታኮን በ1996 መመረቱ ቆመ። በእርሱ ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎች፣ ከእነርሱም የሒሳብና የፕሮግራም ባለሙያዎች ይገኙበታል፣ አሮጌ ማሽን እየገዙ መለዋወጫ ያጠራቅሙ ጀመር። መሣሪያ ስንመርጥ አምራቹ በሥራው የሚቆይበትንም ዘመን አብረን እንደምንመርጥ ይህ በቂ ምስክር ነው።

የሕጉን ጉዞ በጥቂቱ ካላነሣሁ ታሪኩ ይጎድላል። በአሜሪካ በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ በአካል ጉዳት ምክንያት ተማሪን እንዳይከለክል አዘዘ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን የወጣው በ1977 አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳምንታት ያህል ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ነው። በ1988 የወጣው የቴክኖሎጂ ድጋፍ ሕግ ደግሞ ከመሣሪያው ለይቶ «አገልግሎት» የሚል ትርጓሜ አስቀመጠ፤ ይኸውም የተጠቃሚውን ፍላጎት መመዘን፣ መሣሪያውን መምረጥና ለእርሱ ማስማማት፣ መጠገንና ማሠልጠን ነው። የግዥ ኮሚቴዎች ሁሉ ይህችን ትርጓሜ በግድግዳቸው ላይ ቢሰቅሏት አይከፋም።

ይህ ትርጓሜ ለምን እንዳስፈለገ በ1993 በታተመ ጥናት ታየ። ፊሊፕስና ዣኦ የተባሉ ተመራማሪዎች 227 አካል ጉዳተኛ አዋቂዎችን ስለ መሣሪያዎቻቸው ጠይቀው፣ ከመሣሪያዎቹ 29.3 በመቶ የሚሆኑት ተጥለው እንደሚገኙ ተረዱ። ምክንያቶቹንም ሲመረምሩ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁን፣ መሣሪያው በቀላሉ መገኘቱን፣ አሠራሩ ደካማ መሆኑንና የተጠቃሚው ፍላጎት መለወጡን አገኙ። «በቀላሉ መገኘቱ» የሚለው መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ በመደርደሪያ ላይ ያለውን አንሥቶ መስጠት ከመመዘን ይቀላልና ነው። በዚሁ ዘመን ማርሻ ሼረር ሰውንና ቴክኖሎጂን ስለ ማዛመድ፣ ጆይ ዛባላም ተማሪውን፣ አካባቢውንና ተግባሩን መርምሮ መሣሪያውን መጨረሻ ላይ ስለ ማምጣት ያቀረቡት ዘዴ በትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። የዛባላ ቅደም ተከተል ለመሐንዲስ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር፤ ጭነቱን ሳያሰላ ምሰሶውን የሚመርጥ ማን ነው?

ወደ አገራችን ስንመለስ ጭነቱ የራሱ ጠባይ አለው። ስድስት ነጥብ 63 የነጥብ ቅርጽ ብቻ ይሰጣል፤ ፊደላችን 33 በ7፣ ማለትም 231 ሆሄ ሲሆን ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ አንድ ሆሄ እስከ ሁለት ሴል ይወስዳል። አንድ መደበኛ የብሬል ገጽ 25 መስመር በ40 ሴል፣ ማለትም 1,000 ሴል ነው። አራት ሆሄ ያለው ቃል ከነክፍተቱ እስከ 9 ሴል ቢወስድ ገጹ 110 ቃል ያህል ብቻ ይይዛል። የ300 ገጽ የሕግ መጽሐፍ ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው፤ በወፍራም ወረቀት ሲታተምም ተማሪ በጀርባው ሊሸከመው አይችልም። ይህችን ስሌት ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ብሠራት ኖሮ ለመጽሐፍ ሳይሆን ለፈተና ወረቀትና ለአጭር ጽሑፍ የሚሆን ሌላ ዓይነት ማተሚያ እጠይቅ ነበር።

የድምፁም መንገድ ቢሆን ዘግይቶ ነው የደረሰን። ፊደላችን በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በየራሱ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ለስክሪን አንባቢ ትርጉም የለሽ ነበር። ዛሬ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን አንባቢ፣ በ2006 በሁለት አውስትራሊያውያን ዐይነ ስውራን የተጀመረው፣ ኢስፒክ በተባለው ድምፅ አማርኛን ይናገራል። ድምፁ የብረት ድምፅ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ቢሆንም ያነባል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ የታተሙ መጻሕፍትን ለዐይነ ስውራን በሚመች መልክ ማባዛትን የሚፈቅደውን የማራካሽ ውልም በ2020 ተቀብላለች። ይህም ሆኖ ለአብዛኛው ተማሪ ዋናው መሣሪያ ዛሬም ጓደኛው ነው፤ ጮክ ብሎ የሚያነብለት፣ እርሱም በስልኩ የሚቀርጸው።

ያን የሕግ ተማሪ ኋላ ይህንኑ ጠየቅሁት። በሳምንት የሚያነበውን፣ የሚያነብለትን ሰው፣ ፈተናው የሚሰጥበትን ክፍልና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሁሉ በወረቀት አሰፈርኩ። ሁለተኛው ኮሚቴ ሲቋቋም እርሱና ሦስት ጓደኞቹ አባል እንዲሆኑ ጠየቅሁ፤ ክርክር ቢኖርም ተፈቀደ። እያንዳንዳቸው ከራሳቸው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍና አንድ ያለፈ የፈተና ወረቀት ይዘው የቀረቡትን መሣሪያዎች ለሁለት ሳምንት በመኖሪያቸው ሞከሩ። ሁለቱ ስክሪን አንባቢ ያለው ላፕቶፕ መረጡ። አንዷ ማየት ሙሉ በሙሉ ያልተሳናት በመሆኗ የሚያጎላ መስተዋትና ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ጠየቀች፤ ይህን ከእኛ ማንም አላሰበውም ነበር። የሕግ ተማሪው ግን ማስታወሻ የሚይዝበትን ስሌትና ስታይለስ እንደማይለውጥ፣ የሚፈልገው ለአንባቢው የሚከፈል የሰዓት ክፍያና የመማሪያ ጽሑፎቹ በዩኒኮድ ፋይል እንዲሰጡት መሆኑን ተናገረ። ይህ በግዥ ቅጹ ላይ የሚገባበት ሣጥን ስላልነበረ፣ ገንዘብ ያዡን ለማሳመን መሣሪያውን ለመግዛት ከፈጀብን ጊዜ በላይ ፈጀብን።

በግምጃ ቤት የነበረውን ማተሚያም በዚሁ አጋጣሚ አውጥተነዋል። ሊብሉዊ በተባለው፣ ማንም በነፃ በሚያገኘው ፕሮግራም ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ሠንጠረዥ መኖሩን የነገረኝ ያው የሕግ ተማሪ ነው። ሠንጠረዡን ጭነን የአንድ ፈተና ጥያቄዎችን በቀረው የናሙና ወረቀት ላይ አተምን። ተማሪው በጣቱ ተከታትሎ ሦስት ስሕተት አገኘብን፤ ሁለቱ የእኛ የጽሕፈት ግድፈት፣ አንዱ የሠንጠረዡ ነበር። ወረቀቱ አሥራ አንድ ገጽ ቀርቶታል፤ ተጨማሪ እንዲታዘዝልን ለጻፍነው ደብዳቤ መልስ እየጠበቅን ነው።